ከእኛ በታች ማን አለ?

“የወንዜ ልጅ” የሚባል ነገር አለን። አንዱ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ልታስፈጽም ትሄዳለህ፤ መስኮቱ ውስጥ ያለው ሰው ፊቱን አኮሳትሮ “ነገ ተመለስ” ሊልህ ሲል የት እንደተወለድክ በአጋጣሚ ይሰማል። ወዲያው ፊቱ ይፈታል። “እንዴ! የወንዜ ልጅ ነሃ!” ይልሃል፤ ለነገ የተባለው ጉዳይ ዛሬውኑ ያልቃል። (ይህ ሙስና ነው ወይስ ፍቅር የሚለውን ለሌላ ቀን እናቆየው።) እኔን የሚገርመኝ ቃሉ ነው። ለምን ወንዝ? የተራራዬ ልጅ፣ የሜዳዬ ልጅ ለምን አላልንም? ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በነበረበት ዘመን ይህን ጥያቄ ለተማሪዎቼ አቀርብላቸው ነበር። ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ “ከአንድ ወንዝ ስለሚጠጡ ነዋ!” የሚል ነው። ጥሩ መልስ ነው። ለዓመታት ሙሉ ማርክ ስሰጥበት ኖሬያለሁ። አሁን ግን ጎዶሎ ሆኖ ይታየኛል። ወንዝ እኮ መንደራችን ሲደርስ አይቆምም።

ነገሩን ያመጣው ባለፈው ኅዳር ከአምቦ በታች ሁሉቃ ወንዝ ዳር ወዳለች አንዲት መንደር መውረዴ ነው። የወሰደኝ የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ አሁን በዚያው አካባቢ አንደኛ ደረጃ ያስተምራል። “መምህር፣ ሁልጊዜ ስለ ገጠር ይጽፋሉ፤ እስቲ አንድ ሌሊት እንኳ ገጠር ይደሩ” ብሎ በነገር ወጋ አደረገኝ። እውነቱን ነው። ከአዲስ አበባ አምቦ ባለው መንገድ ስመላለስ ብዙ ዓመቴ ነው፤ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምን፣ ጊንጪን የማውቃቸው ግን በመኪና መስኮት ነው። መረሬው ላይ የቆመውን ጤፍ አይና “ዘንድሮስ ሸጋ ነው” እላለሁ፤ አምቦ ፍል ውሃው ውስጥ ገብቼ ወገቤን አሳርፋለሁ፤ ደስ ካለኝ ጉደር ድረስ ዘልቄ ፏፏቴውን አያለሁ፤ ከዚያ ወደ ቤት። ከአስፋልቱ ወርዶ ወንዝን ተከትሎ መሄድ ሌላ ነገር ኖሯል።

መንደሯ ትንሽ ናት። የቤቶቹን ቁጥር ልቆጥር ጀምሬ ባሕር ዛፉ እየጋረደኝ ተውኩት፤ ከሠላሳ ብዙ አይበልጡም። ቆርቆሮውም ሣሩም ተቀላቅሏል። ወንዙ ከቤቶቹ ሥር በድንጋይ መካከል ያልፋል፤ ሰዉ የሚሻገርበትን ቦታ እንደ አገሩ ቋንቋ “መልካ” ይሉታል። በኦሮሞ ዘንድ መልካ እንዲሁ መሻገሪያ ብቻ አይደለም። ክረምቱ ሲወጣ ሰው እርጥብ ሣር ይዞ ለኢሬቻ የሚወርደው ወደ መልካ ነው፤ ምስጋናው ውሃ ዳር ይደርሳል። የአገራችንን ካርታ የሚያይ ሰው “መልካ” የሚል ስም የት የት እንዳለ ይቁጠር። ከሁሉ አንጋፋው አዋሽ ዳር ያለው መልካ ቁንጡሬ ነው፤ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ዓመት በላይ ወደ ኋላ የሚሄድ የሰው ልጅ አሻራ የተገኘበት፣ በ2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው። ሰው ከወንዝ ዳር የተጎራበተው ዛሬ አይደለም ማለቴ ነው።

መልካው ላይ ሥርዓት አለ። ከሁሉ በላይ፣ ወንዙ በድንጋዮች መካከል ጠበብ በሚልበት፣ የመጠጥ ውሃ ይቀዳል። እዚያ እግሩን የነከረ ልጅ ጆሮውን ይቆነጠጣል። ወረድ ብሎ ከብት ይጠጣል። ከዚያ በታች፣ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ባሉበት፣ ልብስ ይታጠባል፤ ገላም እዚያው ነው። ይህን ሕግ የጻፈው የለም፤ ሲጣስም አላየሁም። ተማሪዬ ሲያስረዳኝ ለብዙ ሰዓት ከመጽሐፍ ላስተምር የደከምኩበትን የፍትሕ ትርጉም አንድ መልካ ላይ ተዘርግቶ ያየሁት መሰለኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን ለምን እንደሚሠራ ገባኝ። ላይ የምትቀዳዋም ታች የምታጥበዋም አንዲቱ ሴት ናት። ጠዋት ላይኛዋ፣ ከሰዓት ታችኛዋ። ራሷ የምትጠጣውን ማን ያቆሽሻል?

ያደርኩት የተማሪዬ አክስት ቤት ነው። እሱ “አዳዳ” ይላቸዋል፤ እኔ “እማማ” አልኳቸው። ሰባዎቹን ያጋመሱ፣ አማርኛውን በኦሮምኛ እያዋዙ የሚናገሩ ሴት ናቸው። ዶሮ ሲጮኽ ተነሥተው ቢጫ ጀሪካናቸውን ሲያዘጋጁ ሰማኋቸውና ተከትዬ ወረድኩ። ገና አልነጋም፤ ብርዱ ያንቀጠቅጣል።

“እማማ፣ ምነው በዚህ ብርድ? ፀሐይ ብትወጣ ምን አለበት?” አልኳቸው።

“ልጄ፣ ፀሐይ ስትወጣ ከተማውም ይነሣላ!”

መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ከዚያ አብራሩልኝ። ሌሊት ወንዙ ያርፋል፤ ንጋት ላይ የሚመጣው ውሃ ጠርቶ ነው። ረፈድ ሲል የአምቦ ሰው ተነሥቶ መታጠብ፣ ማጠብ፣ መድፋት ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ የሚወርደው ሌላ ነው። እሳቸው ወንዙን አይተው ከተማው ምን እየሠራ እንደዋለ ያውቃሉ። አረፋው ሲበዛ ልብስ ታጥቧል። የበዓል ማግስት ላባና ፈርስ ይመጣል። ዘይት መልክ ያለው ቀስተ ደመና ውሃው ላይ ሲዘረጋ መኪና አጥበዋል ማለት ነው። የፕላስቲክ ጠርሙስማ ሁልጊዜ ነው፤ እሱን ልጆቹ ለቅመው ዘይትና ጋዝ ይገዙበታል፤ “ይኸ እንኳ ስጦታ ነው” ብለው ሳቁ። አንዲት የእጅ ፓምፕ ነበረች፤ ከተበላሸች ቆይታለች። እኔ ጋዜጣ አንብቤ የማላውቀውን ያህል እሳቸው ከወንዝ ያነባሉ።

ጀሪካኑን ልሸከምላቸው ብዬ ታገልኩ፤ አልሰጡኝም። (ደግ አደረጉ፤ ሽቅብ ነበር።) ስንመለስ አንድ ነገር ከአፌ አመለጠኝ።

“እማማ፣ ከማጠቢያው በታችስ ማን አለ?”

“ሰው አለ።”

“ያውቋቸዋል?”

“ከዚያ ጉብታ ወዲያ ያሉትን ለቅሶ እንደርሳቸዋለን። ከእነሱ በታች ያሉትን አላውቅም።”

“የእናንተን እጣቢ አይጠጡም ታዲያ?”

ቆም አሉ። የተቆጡ መስሎኝ ደነገጥኩ። “ይጠጣሉ እንጂ” አሉ ቀስ ብለው። “እኛ የአምቦን እንጠጣለን፤ እነሱ የእኛን። አምቦስ የማንን ይጠጣል?”

ይህን ጥያቄ ይዤ ነው የተመለስኩት። እሳቸው ለከሰሳ አልጠየቁም፤ “ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ቅዳሜ ገበያ ስወጣ እንቁላሌን የሚገዙኝ እነሱ ናቸው” ብለው ጨምረዋል። ግን መልስ ይፈልጋል። ሁሉቃ የሚነሣው ከደንዲ ሐይቅ ነው፤ ከአምቦ በላይ ተራራው አናት ላይ ካለው። ከሐይቁ አምቦ እስኪደርስ ብዙ የሚያቆሽሸው ከተማ የለም። አምቦ ደግሞ ሌላም ውሃ አላት፤ ከምድር ሥር የሚፈልቀው። ከከተማው ወጣ ብሎ ሰንቀሌ ላይ ከዘጠና ዓመት በላይ ሲታሸግ የኖረው ያ ውሃ ስሟን አገር አስጠርቷል፤ ዛሬም ብዙ ሰው ምግብ ቤት ገብቶ “አምቦ ውሃ” ሲል ጋዝ ያለው ውሃ ማለቱ ነው፤ የከተማ ስም መሆኑን የሚያስበው ጥቂት ነው። እንግዲህ እዩት። ጠርሙስ ውስጥ የገባው ውሃ በመኪና ሽቅብ ወደ አዲስ አበባ ይወጣል፤ አረፋው ደግሞ ቁልቁል ወደ እማማ ይወርዳል። ማንም ክፉ አስቦ ያደረገው ነገር የለም። መሬቱ ራሱ ነው ወደዚያ ያዘነበለው።

ተረታችንን ታስታውሳላችሁ። ጅብ ከወንዙ በላይ፣ አህያ ከወንዙ በታች ሆነው ውሃ ሲጠጡ፣ ጅብ ሆዬ “ምነው ውሃውን ታደፈርሽብኛለሽ?” አላት። አህያይቱም ነገሩ ስለገባት “አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ” አለች። ይህን ተረት ስንሰማ ሁላችንም አህያዋን ነን። በሕይወቴ “እኔ ጅቡን ነኝ” ብሎ ተረቱን የሰማ ሰው አላጋጠመኝም። ተረቱ ግን ሌላም ነገር ይዟል፤ የክርክሩ ብልሃት ያለው ጥርሱ ላይ ብቻ ሳይሆን ቦታው ላይ ነው። ከላይ ያለ ሰው ታች ያለውን ማየት አያስፈልገውም። ውሃው ወደ እሱ አይመለስማ።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ላውጣ። በጋዜጣ ዓምድ ስለ አባይ የጻፍኩትን ብሰበስበው ትንሽ መጽሐፍ ይወጣዋል። በ1959 እ.ኤ.አ. ግብፅና ሱዳን ተቀምጠው 55.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ለአንዷ፣ 18.5 ቢሊዮን ለሌላዋ ሲከፋፈሉ፣ ከአባይ ውሃ 85 ከመቶ ያህሉን ለምታመነጨው አገር ጠብታ አልመደቡም። በዚህ ስንቴ ተቃጥያለሁ! “የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው” የሚለውን ተረት ስንቴ ርዕስ አድርጌዋለሁ! ግድቡ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ሲጀመር፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ እንደማንም ሰው ዕንባዬ መጥቷል። ይህን ሁሉ ዛሬም አልሽረውም። ልክ ነበርኩ፤ ልክም ነን።

ግን ልክ የሆንነው በምን መሠረት ነው? “ውሃው የሚፈልቀው ከእኛ ስለሆነ የፈለግነውን እናደርጋለን” ብለን አይደለም። እንደዚያ ያለች አገር ነበረች። በ1895 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የነበረው ጀድሰን ሃርመን፣ ከሜክሲኮ ጋር ስለሚጋሩት የሪዮ ግራንዴ ወንዝ ሲጠየቅ፣ አገሩ በገዛ ግዛቷ ባለው ውሃ ላይ ምንም ግዴታ እንደሌለባት አስተያየት ሰጠ። አሜሪካ ራሷ ግን አልጸናችበትም፤ በ1906 እ.ኤ.አ. ለሜክሲኮ በየዓመቱ ውሃ ልትለቅ ተዋዋለች። እኛ የያዝነው ሌላ ቃል ነው፤ ፍትሐዊና ምክንያታዊ አጠቃቀም፣ በሌላውም ላይ ጉልህ ጉዳት አለማድረስ። በመጋቢት 2007 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ሦስቱ አገሮች የፈረሙት የመርሆች ስምምነት ውስጥ ሁለቱም ሰፍረዋል። ላይኛው የመጠቀም መብት አለው፤ ታችኛው ያለመጎዳት መብት አለው። እኔ መብቱን በወፍራም ብዕር ስጽፍ ኖሬ ግዴታውን ለዲፕሎማቶች ትቼው ነበር። ሁሉቃ ወደ ጉደር፣ ጉደር ወደ አባይ ነው የሚገባው። የአምቦ እጣቢ ካይሮ ከመድረሱ በፊት፣ ጉባ ያለውን ተርባይን ከመዞሩም በፊት፣ መጀመሪያ የሚያገኘው እማማን ነው። እኔ ለካይሮ መልስ ስሰጥ እሳቸው ጨለማ ውስጥ ጀሪካን ተሸክመው ይወርዱ ነበር።

ወዳጆቼ ይህን ሳጫውታቸው አንዱ፣ የሕግ ሰው ነው፣ “ነገር አታጋንን” አለኝ። “ግዴታ የሚባለው ነገር የሚኖረው እጅ በእጅ ሲሆን ነው። እኔ ላንተ፣ አንተ ለእኔ። ታች ያለው ሰው ለላይኛው ምን ያደርግለታል? ማዘን ትችላለህ፤ ዕዳ አለብኝ ማለት ግን አትችልም።” ክርክሩ ወንዝ የማያሻግር እንዳይመስላችሁ፤ ትልቅ ሰው ከጀርባው አለ። ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም በ1751 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ ውስጥ የሚያስጨንቅ ነገር ጽፏል። ከእኛ ጋር የሚኖሩ፣ ማሰብ የሚችሉ፣ ነገር ግን አቅማቸው እጅግ ከማነሱ የተነሣ በደላቸውን ሊያስቆጥሩብን የማይችሉ ፍጡራን ቢኖሩ፣ ልንራራላቸው ይገባ ይሆናል እንጂ የፍትሕ ግዴታ አይኖርብንም ይላል። ፍትሕ መልሰው ሊጎዱን በሚችሉ መካከል የሚፈጠር ነው ማለቱ ነው። የመልካውን ሥርዓት አስታውሱት፤ የሠራው ላይኛዋና ታችኛዋ አንዲት ሴት ስለሆኑ ነው ብዬ ነበር። ሂዩም ቢሰማ “ታዲያስ!” ይለኛል።

እኔ ግን እማማ ያሉት ነገር አልወጣልኝ አለ። “ሰው አለ” ነው ያሉት። ከጉብታው ወዲያ ያሉትን በለቅሶ ያውቃሉ፤ ከዚያ በታች ያሉትን አያውቁም፤ ቢሆንም “ሰው አለ” ለማለት ማወቅ አላስፈለጋቸውም። ሂዩም ፍትሕን ከኃይል ሚዛን ላይ ሲያቆመው፣ እሳቸው አንድ ቃል ላይ አቆሙት። ከሁለቱ ማን ትክክል እንደሆነ በሎጂክ ማረጋገጥ አልችልም። በእሳቸው ዓለም መኖር እንደምመርጥ ግን አውቃለሁ፤ በተለይ የት እንደምወለድ ባላውቅ።

የት እንደምንወለድ ማወቅ ደግሞ በዚህ አገር ቀላል አይደለም። ምዕራብ ሸዋንና ዙሪያውን ያለውን ደጋ አንድ ጊዜ በካርታ እዩት። አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል እንላለን እንጂ ከዚህ ደጋ የሚነሡት ውሆች ሁሉ ዘዋሪ ናቸው። ከደንዲ የወጣው፣ እንዳልኩት፣ በጉደር አድርጎ ወደ አባይ፣ ከዚያም እስከ ሜዲትራኒያን ይሄዳል። ከደንዲ ብዙም የማይርቀው የወንጪ ሐይቅ ግን ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሯል። ከእሱ የሚወጣው የወልጋ ወንዝ ግቤን፣ ግቤ ኦሞን ይቀላቀላል፤ መጨረሻውም የቱርካና ሐይቅ ነው፤ ወደ ሐይቁ ከሚገባው ውሃ 90 ከመቶ ያህሉን የሚያመጣው ኦሞ ነው። በ2009 ዓ.ም. ግልገል ግቤ ሦስት ሲመረቅ እኛ ስለ መብራቱ ስናወራ፣ ሐይቁ ዳር ያለው ዓሣ አጥማጅ ስለ ውሃው ከፍታ ነበር የሚያስበው። ወንጪ በ2021 እ.ኤ.አ. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከመረጣቸው ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ሆኖ ስሙ ሲጠራ ደስ ብሎኛል፤ ፎቶ ስናነሣ ግን ሁላችንም ካሜራውን ወደ ሐይቁ ነው፤ ወደሚወጣው ውሃ ያዞረ አላየሁም።

ሦስተኛው አዋሽ ነው፤ ልቤን የሚበላኝም እሱ ነው። ከጊንጪ በላይ ካለው ደጋ ተነሥቶ ሾላካ መስሎ ይጀምራል፤ ልጅ ዘሎ ይሻገረዋል። ከዚያ መልካ ቁንጡሬን አልፎ፣ በአቃቂ በኩል የአዲስ አበባን ጉድ ሁሉ ተቀብሎ (እዚያ ላይ እንኳ አንዲት ቃል ባልናገር ይሻላል፤ እኔም ነዋሪዋ ነኝ)፣ ቆቃ ላይ ይጠራቀማል፤ ወንጂን፣ መተሐራን አጠጥቶ፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ አፋር ውስጥ ጂቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል። ባሕር አይደርስም። ጊንጪ ያለው ገበሬ በታቹ ሰው አለ፤ መተሐራ ያለው በታቹ ሰው አለ፤ አሳይታን አልፎ ሐይቁ ዳር ከብቱን የሚያሰማራው አፋር ግን በታቹ ማንም የለም። ያገኘውን የሚያስተላልፍበት ሰው የለውም። የሁላችንም መጨረሻ እሱ ጋ ነው። ሊወቅሰን ቢፈልግ ሽቅብ 1,000 ኪሎ ሜትር መምጣት አለበት። ይህ ሰው ለጊንጪው ገበሬ ምኑ ነው? እኔ ቃሉን አግኝቼለታለሁ፤ የወንዙ ልጅ ነው። ቃሉ ሲፈጠር ምናልባት መንደሩን ብቻ ለማለት ነበር፤ ወንዙ ግን ከቃሉ ተርፎ ሄዷል።

አሁን አንባቢ “ታዲያ ድሃዋ ሴት ልብሷን የት ትጠብ?” ይለኛል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ቤቷ ቧንቧ የሌላት፣ የፍሳሽ መስመር የማያልፍባት ሴት ጅብ አይደለችም። አያት ቅድመ አያቶቿም በዚያው ወንዝ ሲያጥቡ ኖረዋል፤ “ወራጅ ውሃ አይቆሽሽም” ይሉም ነበር፤ ውሸት አልነበረም። አሥር ሰው ሲያጥብ ወንዙ ራሱን ያጠራል። ከተማ ሲያጥብ ግን አያጠራም። የቸገረኝ እዚህ ላይ ነው፤ ያው ድርጊት፣ ያው እጅ፣ ያው ድንጋይ፣ ቁጥሩ ስለበዛ ብቻ ንጹሕ የነበረው በደል ይሆናል። ማን እንደበደለ ብትጠይቅ አንድም ሰው አታገኝም። የእኔ ሳሙና ብቻዋን ማንንም አልጎዳችም፤ የሁላችንም ድምር ግን እማማን ከእንቅልፋቸው ቀስቅሷል። የሃይማኖት አባቶቻችን ኃጢአት ሲያስተምሩን ሠሪውን አሳይተው ነው፤ ሠሪ የሌለውን በደል ለመናዘዝ ገና አልለመድንም። እኔ እስከማውቀው “አባቴ፣ ከሌሎች ብዙ ሺህ ሰዎች ጋር ሆኜ ወንዝ አቆሽሻለሁ” ብሎ የገባ የለም።

የሚወርደው ሁሉ ግን ክፉ አይደለም። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ አካባቢ የቢልሃርዝያን በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኟቸው። ከማጠቢያው በላይ ያሉት ግን ደህና ነበሩ። ሴቶቹ የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር። እንዶድ በሽታውን የሚያዛምተውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የታወቀው እንዲህ ነው፤ ሥራቸውን ዓለም ለመቀበል ብዙ ቢያንገራግርም፣ በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር “አማራጭ ኖቤል” የሚባለውን ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። ይህን ታሪክ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን፤ ኩራታችን ነው። እኔ አሁን የማየው ግን ሳይንቲስቱ የቆሙበትን ቦታ ነው። ስንት ሰው በዚያ ወንዝ ዳር አልፏል! እሳቸው ከማጠቢያው ወረድ ብለው ተመለከቱ። ሴቶቹ ራሳቸው ለታችኛው ምን እያደረጉለት እንደነበር አያውቁም ነበር፤ መድኃኒት እየላኩለት ነበር። ዛሬ ደግሞ ምን እየላክን እንደሆነ አናውቅም። አለማወቁ አንድ ነው። ያለማወቃችን ልዩነት፣ እነሱ ማወቂያ አልነበራቸውም፤ እኛ ግማሽ ቀን በእግር ወረድ ብንል እናውቀው ነበር።

ከመንደሯ ስመለስ መኪናዬ ኮረኮንቹ አቧራ ለብሳ መልኳ ጠፍቶ ነበር። አምቦ ስገባ ወንዙ አጠገብ ልጆች ባልዲ ይዘው ከበቡኝ። አንዱ ጨርቁን እያወዛወዘ “ጋሼ፣ ትታጠብ! ትታጠብ!” ይላል። ዕድሜው አሥራ አራት ቢሆን ነው። መኪናዋ መታጠብ ይገባታል፤ ልጁም መብላት ይገባዋል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቁልፉን ሰጥቼ ቡና ለመጠጣት እሄድ ነበር። ቆሜ ቀረሁ።

“እዚያ ላይ፣ ሣሩ ላይ ወስደን ብናጥባትስ?” አልኩት።

“ለምን?” አለ። “ውሃው እዚህ አይደል? ማን ባልዲ ተሸክሞ ይመላለሳል?”

“ከታች ሰው ይጠጣዋል።”

“ማን?”

“አንዲት አሮጊት አሉ። ቅዳሜ እንቁላል ይዘው ገበያ የሚወጡ።”

ልጁ ሳቀብኝ። “ጋሼ፣ ቅዳሜ እንቁላል ይዛ የማትወጣ አሮጊት አለች እንዴ?” ለሸክሙ ሠላሳ ብር አስጨመረኝና ባልዲውን ሞልቶ ሽቅብ ወደ ሣሩ መመላለስ ጀመረ።